ከድንጋይ ካባው የመጣ ፎቶ

ቀጮ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ድንጋይ ካባው ውስጥ የገባች ዕለት፣ መጀመሪያ የተቀበላት የሰው ደም ነበር። ድማሚቱ ከፈነዳ በኋላ የተፈናጠረች ስንጥር ድንጋይ የአንዱን ጠራቢ ግንባር ሰንጥቃው፣ ሰውየው ደሙን በእጅጌው እየጠረገ፣ መዶሻውን ሳይጥል ቆሟል። ሲያያት ፈገግ አለ።

«አንሺኝ እንጂ፣ ምን ትፈሪያለሽ? ዛሬ እኮ ተኳኩዬ ነው የመጣሁት!»

በዙሪያው ያሉት በሳቅ ፈረሱ። እሷ ግን ሌንሱን ማስተካከል ረስታ ያን ቀን ያነሳችው ሁሉ ደብዝዞ ወጣ።

ሰውየውን ዘፋኙ ይሉታል። ድምፁ እንደ ወፍጮ ሸካራ ነው፤ ከሚዘፍነው ግጥም ግማሹን አያውቀውም፤ መዶሻ ከያዘ ግን አፉ አያርፍም። ካባው ውስጥ ጠብ ሲነሳ መሃል ገብቶ የሚገላግለውም እሱ ነው። ጠብ ደግሞ እዚያ ጠፍቶ አያውቅም። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ አቧራው ጉሮሮ ሲዘጋ፣ አርባ ሰው በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ብረትና ድንጋይ ይዞ ሲውል፣ አንዱ የሌላውን መዶሻ ሳያስፈቅድ ቢያነሳ እንኳ ጥርስ ይረግፋል። ቀጮ በመጀመሪያው ወር ብቻ ሦስት ድብድብ አየች። በአንደኛው አንድ ጫኝ የባልደረባውን ጆሮ ነክሶ ግማሹን ሲተፋው በዓይኗ በብረቱ ተመለከተች። ፎቶውን አነሳችው።

የሥነ ጥበብ ኮሌጅ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ሥዕል ልትማር ገብታ፣ የፎቶግራፍ ትምህርት ሲጀመር ብሩሹን እርግፍ አድርጋ ተወችው። መምህሯ ድሮ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ የነበሩ፣ አንድ ጉልበታቸው በሆነ ግርግር መሃል በዱላ ተሰብሮ እግራቸውን የሚጎትቱ ሰው ናቸው። ካሜራ በየሰዉ ስልክ ውስጥ በሞላበት ዘመን፣ ተማሪው በፊልም አንስቶ፣ ጨለማ ክፍል ገብቶ በገዛ እጁ ካላጠበና ካላተመ ውጤት አይሰጡም። የሦስተኛ ዓመቱን ሥራ ሲያዙ እንዲህ አሉ፦

«አንድ የሥራ ቦታ፣ አራት ወር፣ ሃያ ፎቶ። የሚሠራ ሰው አሳዩኝ። የጀምበር መጥለቅ ፎቶ ያመጣብኝን ሰው ኤፍ ነው የምሰጠው። አበባ ያመጣብኝን ደግሞ ከነአበባው ነው የማስወጣው።»

አንዱ ዳቦ ቤት መረጠ፣ አንዷ ፀጉር ቤት፣ ሌላው ጋራዥ። ቀጮ ድንጋይ ካባውን መረጠች፤ ታላቅ ወንድሟ የሚሠራው እዚያ ነውና።

ወንድምጋሼ ነው የምትለው። በአሥራ አንድ ዓመት ይበልጣታል። አባታቸው ሲሞት እሷ ገና ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እሱ ደብተሩን ጥሎ ድጅኖ ጨበጠ። በትከሻው ተሸክሞ ትምህርት ቤት ያደረሳት፣ የጫማዋን ክር ያሰረላት፣ ኮሌጅ የገባች ዕለትም ከእናቷ በላይ ያለቀሰው እሱ ነው። ልቡ ቅቤ ነው። ንዴቱ ግን ሌላ ነው። «የእሱ ንዴት የገለባ እሳት ነው» ይላሉ እናታቸው፤ «ቦግ ይልና ይጠፋል። ክፋቱ፣ ቦግ ባለበት ሰዓት አጠገቡ የተገኘ ሰው ይለበለባል።» አንድ ጊዜ እሷን መንገድ ላይ የለከፈ ጎረምሳ መንጋጋውን ሰብሮት፣ በነጋታው ዓይኑ ቀልቶ ሆስፒታል ድረስ ብርቱካን ይዞለት ሄዷል።

«ካባ? አንቺ?» አላት ሐሳቧን ስትነግረው። «እዚያ እኮ ድንጋዩም ሰዉም አይታመንም።»

«አንተ አለህ አይደል?»

«እኔማ አለሁ። አንቺን ስጠብቅ ጣቴን ብቆርጠውስ?»

«እሱንም አነሳዋለሁ።»

ሳቀ። እሱን ማሳቅ ከተቻለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

ካባው ውስጥ የሚያዘው የሠራተኛው አለቃ፣ ካቦው ነበር። ባለቤቱን አንድም ቀን ያየው የለም፤ ለሠራተኛው ሕጉም ዳኛውም ካቦው ነው። የድማሚት ጉድጓድ ጥልቀት የሚለካበት ቀጭን የብረት ዘንግ ከእጁ አይለይም፤ በዚያው ዘንግ ያዛል፣ በዚያው ይጠራል፣ በዚያው ይገርፋል። ደንቡ፣ ከፍንዳታ በኋላ ልምድ ያላቸው ሰዎች በገመድ ታስረው ከላይ ይወርዱና የተንጠለጠለውን ድንጋይ በድጅኖ ያራግፋሉ፤ ሌላው ከሥር የሚገባው ከዚያ ወዲያ ነው። ካቦው ግን የጭነት መኪና ቆሞ ሲጠብቅ ማየት አይችልም። «ግቡ! ድንጋይ ሲወድቅ አታዩም እንዴ? ዓይን ለምን ተፈጠረላችሁ?» ይላል። ባለፈው ዓመት በዚሁ ጠንቅ የአንድ ሰው ሁለት እግሮች ከጉልበት በታች ተጨፍልቀዋል። ሰውየው አሁን በር ላይ ተቀምጦ ነው የሚውለው።

ማክሰኞ ዕለት ነው። ዝናብ ጥሎ ነበር ያደረው። ረፋድ ላይ አራት ጉድጓድ ድማሚት አከታትሎ ሲፈነዳ ምድሩ ከእግር በታች ራደ፣ አቧራው ተነስቶ ፀሐይዋን ሸፈናት። ቀጮ ከዳር ባለው የጥርብ ድንጋይ ቁልል ላይ ወጥታ ካሜራዋ ውስጥ አዲስ ፊልም አስገባች። አቧራው ሳሳ ሲል ግድግዳው ታየ። ከላይ በኩል አንድ ክፍል ቤት የሚያህል አለት ከወገኑ ተሰንጥቆ ወደ ፊት አዘንብሏል።

«ግቡ!» አለ ካቦው።

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ጆሯችሁ ነው እንዴ የፈነዳው? ግቡ ብያለሁ!»

ወንድምጋሼ ድጅኖውን ተደግፎ ቆመ። «መጀመሪያ ይራገፍ።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ማንም። ሳልጠየቅ ነው የምነግርህ። ያ አለት ሳይወርድ አንድም ሰው ከሥሩ አይገባም።»

«ሌላው ከፈራ አንተ ትገባለህ። ብቻህን!»

«አንተው ግባ። ሬሳህን እኔ አወጣልሃለሁ።»

አርባው ሰው በአንድ አፍ ሳቀ። ካቦውን ያሳበደው ያ ሳቅ ነው። ዘንጉ በአየር ላይ ሲያፏጭ ተሰማ፤ የወንድምጋሼ የላይ ከንፈር ለሁለት ተከፈለ። ደሙን ተፋው። ከደሙ ጋር አንድ ጥርስ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰው ሁሉ ለየብቻው ነው የሚያወራው፤ ማን ማንን እንደመታ እርግጡን የሚያውቅ የለም። የካቦው ወገን የሆኑት ጫኞች አካፋ ይዘው ገቡ፣ ጠራቢዎቹ በመዶሻ እጀታ ተቀበሏቸው፣ አቧራው እንደገና ተነሳ። አንዱ ክንዱ ተሰብሮ እንደ ጥጃ ይጮሃል። አንዱ በሆዱ ተደፍቶ ይረገጣል። ቀጮ ወንድሟ እዚያ ውስጥ እንዳለ እያወቀች ከቁልሉ አልወረደችም። ጣቷ ከፊልም ማዞሪያው ወደ መጫኛው፣ ከመጫኛው ወደ ማዞሪያው ይመላለሳል። ለምን እንዳልወረደች በኋላ ብዙ ጊዜ ራሷን ጠይቃለች።

ድንገት አንድ ድምፅ ተሰማ። እርጥብ ግንድ ላይ መጥረቢያ ሲያርፍ የሚሰማው ዓይነት ነው። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ሰው ሁሉ ሰማው፤ እጅ ሁሉ ባለበት ቀረ።

ዘፋኙ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ከዚያ በግንባሩ ተደፋ። ማጅራቱ ላይ ፀጉርና አጥንት ተደባልቋል።

«ካቦው ገደለው!» ብሎ አንዱ ጮኸ።

ከዚያ ወዲያ ወሬ አልነበረም። ጠራቢ ጫኝ ሳይል ሰዉ ሁሉ ካቦው ላይ ተከመረ። መንጋጋውን ሰበሩት፣ የጎን አጥንቶቹን ሰበሩት፣ በገዛ ዘንጉ እጁን ቀጠቀጡት። የገልባጭ መኪናው ሾፌር ጥሩምባውን እየነፋ መሃላቸው ባይገባና ካቦውን አንገቱን ጨምድዶ ወደ መኪናው ባይስበው ኖሮ ያኔውኑ ያበቃለት ነበር። ወንድምጋሼ ከእነሱ ጋር አልነበረም። ሸሚዙን አውልቆ የዘፋኙን ጭንቅላት ጠቅልሎ፣ ጭኑ ላይ አስተኝቶ፣ «ተነስ፣ ተነስ እንጂ፣ ተው አታሹፍ» ይላል።

ዘፋኙ ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኛ። አንድም ቀን ዓይኑን አልገለጠም። ወንድምጋሼ ከሚስቱ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ውሃ ይቀዳላታል፣ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ያመጣላታል። በዘጠነኛው ቀን ዘፋኙ ሞተ። ካቦው ከሆስፒታል አልጋው ላይ እንዳለ ታሰረ፤ ሠላሳ ሰው መሰከረበት። ወንድምጋሼም መሰከረ።

ከቀብሩ በኋላ ወንድምጋሼ እህል ከአፉ አልገባ አለ። ጓሮ ተቀምጦ አሮጌ የተጣመሙ ምስማሮች በመዶሻ እያቃና ይውላል። አንድ ቆርቆሮ ሙሉ አቀና። እናታቸው ቆርቆሮውን ሲደብቁት፣ ያቃናቸውን መልሶ እያጣመመ ማቃናት ጀመረ። ቀጮ ኀዘን መሰላት። ጓደኛው ነበርና።

የማክሰኞውን ፊልም ደፍራ ያጠበችው በሦስተኛው ሳምንት ነው። አንድ ጠዋት ማንም ሳይመጣ ጨለማ ክፍል ገባች። ፊልሙን አጠበች፣ አደረቀች፣ ሠላሳ ስድስቱንም በአንድ ወረቀት ላይ በትንንሹ አተመች። አብዛኛው አቧራ ነው። ሃያ ሦስተኛው ላይ ግን አጉሊ መነጽሩን አስቀምጣ ቆየች። መልሳ አነሳችው። ከዚያ ያንን አንዱን በትልቅ ወረቀት ልታትመው ማሽኑ ላይ ጫነችው።

እሷ የያዘችው ዓይነት የፊልም ካሜራ አንድ ጠባይ አለው፤ መጫኛው ሲጫን ውስጡ ያለችው መስታወት ብድግ ትልና የአንሺውን ዓይን ትጋርዳለች። ፎቶ አንሺ ሁሉንም ያያል፣ ፊልሙ ላይ የቀረችዋን ቅጽበት ብቻ አያያትም። ቀጮም አላየችም ነበር። አሁን በቀዩ መብራት ሥር፣ ወረቀቱ በኬሚካሉ ውስጥ እየዋኘ፣ መጀመሪያ ጥቁር ጥቁሩ፣ ከዚያ ግራጫው ብቅ አለ። ዘፋኙ እጆቹን እንደ ክንፍ ዘርግቶ በሁለት ሰው መሃል ቆሟል። ፊቱን ወደ ካቦው አዙሯል፤ ዘንጉን በደረቱ እየተቀበለ ነው። ጀርባውን የሰጠው ለሚከላከልለት ሰው ነው። ከኋላው አንድ ወፍራም ድጅኖ ወደ ታች እየወረደ ነው፤ ድጅኖውን በሁለት እጁ የያዘው ሰው ከንፈሩ ለሁለት ተከፍሏል።

ወረቀቱን ከኬሚካሉ ማውጣት ረሳች። እየጠቆረ እየጠቆረ ሄዶ መልኩ ሁሉ ጠፋ። ሌላ አተመች። ያው ነው።

በሩ ተንኳኳ፤ መምህሯ ነበሩ። ገብተው ትከሻዋ ላይ ተደግፈው ተመለከቱ። «ይህ ነው የሞተው?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«የመታውስ?»

«ወንድሜ ነው።»

አሮጌው ሰው የተሰበረ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። «አላየሁም ብልሽ ደስ ባለኝ» አሉ። «ግን አይቻለሁ። ለማንም ከመናገርሽ በፊት ከወንድምሽ ጋር ተነጋገሪ። ነገ ጠዋት እኔም የማደርገውን አስባለሁ።»

የፊልሙን ቁራጭ፣ ኔጋቲቩን፣ ቆርጣ በወረቀት ጠቅልላ ደረት ኪሷ ውስጥ፣ የታተመውን ፎቶ ደግሞ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ቤት ሄደች። ገና ስምንት ሰዓት ነበር። ወንድምጋሼ ጓሮ ምስማሩን ይቀጠቅጣል።

«ወንድምጋሼ፣ አንተ ነህ?»

መዶሻው አየር ላይ ቀረ። ምኑን እንደሆነ አልጠየቃትም። «ማን ነገረሽ?»

«ፊልሙ ላይ አለህ።»

«ካቦውን ነበር» አለ። «እግዜር ያውቃል፣ ካቦውን ነበር የሰነዘርኩት። ዘፋኙ መሃል ሲገባ አላየሁትም። እጄ ሲሰማው ነው ያወቅሁት።» ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። «ማን ማን አይቶታል?»

«እኔ። ቲቸር።»

«ፊልሙ የት ነው?»

ዋሸችው። «ኮሌጅ።»

ቦግ አለ። መዶሻውን እንደያዘ ተነስቶ ወጣ። ከኋላው እየሮጠች «ወንድምጋሼ! ወንድምጋሼ!» ብትል ዞሮ አላያትም። የኮሌጁን ዘበኛ በአንድ እጁ ገፍቶ ጣለው፤ ኮሪደሩ ላይ የነበሩ ተማሪዎች ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። የጨለማ ክፍሉን በር በእግሩ ሲመታው ከነማጠፊያው ተነቅሎ ወደቀ። መምህሩ ውስጥ ነበሩ።

«የታል?»

«ምኑ?»

መልሱን አልጠበቀም። የማተሚያውን ማሽን ከነጠረጴዛው ገለበጠው፤ ሌንሱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ለመድረቅ የተሰቀለውን የተማሪ ፊልም ሁሉ በእጁ ሰብስቦ ቦጨቀው። የኬሚካል ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ግድግዳ ላይ ፈነከታቸው፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። መምህሩ ወገቡን ይዘው ተንጠለጠሉበት። ሲወረውራቸው ጭንቅላታቸው የመታጠቢያ ገንዳውን ጠርዝ መታው፤ ነጭ ፀጉራቸው ወዲያው ቀላ።

«እዚህ ነው!» ብላ ጮኸች ቀጮ። ከኪሷ አውጥታ በጡጫዋ ጨበጠችው። «እሳቸውን ተዋቸው! እኔ ጋ ነው!»

መጣ። የጨበጠችበትን እጅ አንጓው ላይ ያዘ።

«ልቀቂው።»

«አልለቅም።»

«ቀጮ፣ ልቀቂው ብዬሻለሁ!»

«ግደለኝና ውሰደው። ለምደኸው የለ!»

ጠመዘዘው። የእጇ አንጓ ተሰበረ፤ ድምፁን ሁለቱም ሰሙት። ቀጮ በጉልበቷ ወረደች፤ ጡጫዋ ግን እንደተዘጋ ነበር። አሁን ጣቶቿን መፈልቀቅ የሕፃን ሥራ ነው። አልፈለቀቃቸውም። ለቀቃትና የገዛ እጆቹን እንደ ሰው ዕቃ ተመለከታቸው። ከዚያ በፈሰሰው ኬሚካልና በተሰባበረው ጠርሙስ መሃል እያለፈ ወጥቶ ሄደ። ዘበኞቹ መንገድ ለቀቁለት።

እጇን በጀሶ አሳስራ ቤት ስትመጣ እናቷ በር ላይ ቆመው ጠበቋት። እሱ ሁሉንም ነግሯቸው ኖሯል። ገና ደፉን ሳታልፍ በጥፊ መቷት። በሕይወቷ መትተዋት አያውቁም።

«ያሳደገሽን ሰው ነው ለገመድ የምትሰጪው?»

«እማ፣ ሰው ሞቷል እኮ።»

«የሞተውማ ሞተ! አንቺ ስትናገሪ ይነሳል? ካቦው እንደሆን ስንቱን አካለ ስንኩል ያደረገ አውሬ ነው። እሱ ቢታሰር ማን አለቀሰ?»

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ቀጮም ይህንኑ አስባ ነበር። መምህሯም፣ ጭንቅላታቸው በስፌት ተይዞ፣ የጨለማ ክፍሉን ጉዳት ለፖሊስ ሳያመለክቱ፣ «ከእንግዲህ ያንቺ ጉዳይ ነው፤ ከተጠየቅሁ ግን አልዋሽም» ብለዋታል። ሦስት ቀን ከክፍሏ አልወጣችም። ወንድምጋሼ ወደ ካባው ተመልሶ ሥራውን ይሠራል፤ ማታ ሲገባ ሳይተያዩ ያልፋሉ።

በአራተኛው ቀን የዘፋኙ ሚስት ራሷ መጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ታናሹን ልጇን አዝላ፣ በር ላይ ቆመች። አልገባም አለች።

«ካሜራ ይዘሽ ነበር አሉኝ» አለቻት። «ሐኪሙ የተመታው ከኋላ ነው አለኝ። ካቦው ከፊቱ ነበር ይላሉ ሁሉም። እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ ግን ከፊት የቆመ ሰው ማጅራት እንዴት ይመታል? ከኋላው ማን ነበር እህቴ?»

እናቷ ከውስጥ «አላየችም! ምንም አላየችም!» ብለው ጮኹ።

ቀጮ የሴትየዋን ዓይን ስታይ ምላሷ ለውሸት አልታዘዝ አላት። «ወንድሜ» አለች።

ሴትየዋ መጀመሪያ የሰማች አትመስልም ነበር። ከዚያ ልጇን እንዳዘለች በሁለት ቡጢዋ የቀጮን ደረት ትደበድብ ጀመር። ሕፃኑ እያለቀሰ፣ እሷ «ዘጠኝ ቀን! ዘጠኝ ቀን ውሃ ሲያጠጣኝ!» እያለች፣ እስኪደክማት ደበደበቻት። ቀጮ እጇን አላነሳችም። ሲደክማት አብረው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ አብረው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ።

መርማሪው ኔጋቲቩን በመስኮቱ ብርሃን አየው፣ የታተመውን ፎቶ አየው፣ በጀሶ የታሰረ እጇን አየው።

«ወንድምሽ ነው?»

«የእናቴ ልጅ ነው።»

«ሆን ብሎ ነው?»

«ካቦውን ሊመታ ነው።»

«እሱን ፎቶው አያሳይም።»

«አያሳይም። ግን እሱን እርስዎ ይጻፉት፤ ጌታዬ፣ እባክዎ ይጻፉት።»

ጻፈው።

ወንድምጋሼን የያዙት በሥራ ላይ ነበር። ፖሊሶቹ ወሬውን ሲናገሩ ካባው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ክው አለ፤ ከዚያ፣ ያኔ ካቦው ላይ የተከመሩት እነዚያው ሰዎች እሱ ላይ ተነሱ። የመጀመሪያውን ድንጋይ የወረወረው ከዘፋኙ ጋር ከአንድ ሳህን ይበላ የነበረ ጠራቢ ነው፤ ቅንድቡን ከፈለው። ሁለተኛው ትከሻው ላይ አረፈ። ወንድምጋሼ አልሸሸም፣ ራሱንም አልሸፈነም፤ ፖሊሶቹ ናቸው እየጎተቱ መኪና ውስጥ የከተቱት። በኋላ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ፣ ሁለት ሰዎች ድጅኖው ሲያርፍ በዓይናቸው አይተው ዝም ብለው እንደነበር አመኑ።

ሰባት ዓመት ተፈረደበት። ካቦው ተፈታ። መንጋጋው ተጣሞ፣ ቀኝ እጁ አልጨብጥ ብሎት፣ በወሩ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ዘንጉን በግራው ይይዛል። አንድ ቀን ከቀጮ ጋር መንገድ ላይ ተገናኙ። ያመሰግነኛል ብላ አልጠበቀችም፤ እሱም እግሯ ሥር ምራቁን እንትፍ ብሎ አለፈ። ሆኖም ካባው ውስጥ ከፍንዳታ በኋላ አለቱ ሳይራገፍ የሚገባ ሰው ጠፋ። ካቦው ቢጮህም፣ አርባው ሰው እጁን አጣጥፎ ቆሞ ይጠብቃል።

ኮሌጅ ያስረከበችው አሥራ ዘጠኝ ፎቶ ነው። ፈታኞቹ ደጋግመው ቆጠሩና አንደኛው «ሃያኛውስ?» አላት።

«ፍርድ ቤት ነው ያለው» አለች።

መምህሯ ብድግ ብለው መስኮት ሊከፍቱ ሄዱ። ቀጮ ፈተናውን አለፈች።

እናቷ ስምንት ወር አላናገሯትም። ምግብ ያቀርቡላታል፣ ልብሷን ያጥቡላታል፤ ቃል ግን የለም። ወንድምጋሼም ወህኒ ቤት ስትሄድ አልወጣም እያለ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ከበር ተመልሳለች። ለአሥራ ሁለተኛ ጊዜ ስትሄድ ወጣ። ከስቷል፣ ፀጉሩ ከጎን ከጎኑ ሸብቷል። በሽቦው ማዶ ቁጭ አለ።

«እማ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ባለፈው ሳምንት 'ጨው አቀብዪኝ' አለችኝ።»

የሳቅ ነገር ፊቱ ላይ ሽው ብሎ ጠፋ። «እጅሽስ?»

«ትሠራለች። ብርድ ሲሆን ትቆረጥመኛለች።»

አንገቱን ነቀነቀ። «ሚስቱ መጥታ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ባለፈው ወር። ስድብ ይዛ የመጣች መስሎኝ ነበር። አልሰደበችኝም። 'ዘጠኝ ቀን አጠገቤ ተቀምጠህ፣ አንዱን ቀን እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?' አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ምን እላታለሁ? ልነግራት በየቀኑ አፌን እከፍት ነበር፤ ውሃ ትፈልጊያለሽ ወይ እያልኩ እዘጋዋለሁ።» ግንባሩን ሽቦው ላይ አሳረፈ። «አንቺን ሳልገድልሽ መቅረቴን አስበዋለሁ። ያን ቀን እጄ ቢቀጥልስ ኖሮ? ሌሊት ሌሊት እሱን ነው የማስበው፤ ከዘፋኙ ይልቅ።»

«አልቀጠለም እኮ።»

«አልቀጠለም» አለ፤ ለራሱ የሚናገር ይመስል ነበር። ጠባቂው ሰዓት ማለቁን ተናገረ። ወንድምጋሼ ተነስቶ ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ዞረ። «የሚቀጥለው እሁድ ትመጪያለሽ?»

«እመጣለሁ።»

«እማን ይዘሻት ነይ። እምቢ ካለች ደግሞ ብቻሽን ነይ።»